ዕቃ ማንሻ መኪና፤ መግዛት ወይስ መከራየት?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ የጥቂት ነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በሱቅ የሚሸጠው ስኳር፥ በማሳ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ፥ በሐኪም ቤት የሚታደለው መድኃኒት ሁሉ ከእጃችን ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ ሳይሆን አምስትና ስድስት ጊዜ ከመሬት ይነሣል፤ አምስትና ስድስት ጊዜም ይወርዳል። የሚያነሣው የሰው ትከሻ ነው ወይስ መኪና? መኪናስ ከሆነ መኪናው የማን ነው? በምንስ ውል ተይዟል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በዕቃው ዋጋ ላይ ይታያል፤ በሠራተኛውም ወገብ ላይ ይታያል። ስለዚህ ፎርክሊፍት እየተባለ ስለሚጠራው የመጋዘን ዕቃ ማንሻ መኪና የኪራይ ገበያ በዓለም ወዴት እያመራ እንደ ሆነና ይህም አካሄድ የእኛን አገር ባለመጋዘን በምን በኩል እንደሚነካው ጥቂት ለመናገር አስበናል።

መኪናይቱ ከታወቀች ብዙ ዘመን አልሆናትም። እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ አገር በሚሺጋን፥ ቡካናን በምትባል ከተማ የነበረው የክላርክ ፋብሪካ በግቢው ውስጥ ብረታ ብረት የሚያመላልስለት አንድ ትንሽ ተሽከርካሪ ለራሱ ሥራ ሠራ። ፋብሪካውን ለመጐብኘት የመጡ ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ ለእኛም ሥሩልን እያሉ ስለ ጠየቁ፥ ለቤት ተብሎ የተሠራው ዕቃ ለገበያ ወጣ። በ1923 የል የተባለው ኩባንያ ሹካና ወደ ላይ የሚዘልቅ ምሰሶ ያላትን በኤሌክትሪክ የምትሠራ መኪና አወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ስንቁንና ጥይቱን ፓሌት በሚባለው የእንጨት ርብራብ ላይ እየደረደረ በነዚህ መኪናዎች ማንሣት ስለ ጀመረ፥ ልማዱ ከጦር ሰፈር ወደ ንግድ ቤት ተላለፈ። በ1956 ማልኮም ማክሊን 58 ኮንቴይነሮችን በአንድ መርከብ ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ሂውስተን ላከ። በ1961 ደግሞ የአውሮፓ ምድር ባቡሮች ቁመቱ 120፥ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ፓሌት በጋራ ለመገልገያነት ተቀበሉት። የዕቃው ማስቀመጫ እንዲህ በየአገሩ አንድ ዐይነት መሆኑ ለኪራይ ንግድ መሠረት ሆነ። በአንዱ መጋዘን የምትሠራ መኪና በሌላውም መጋዘን መሥራት ካልቻለች ማን ያከራያታል?

ኪራይ ራሱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ የሚጭንበትን አጋሰስ ሁሉ በገዛ ገንዘቡ እየገዛ አልነገደም፤ በረሓ ሲወርድ ግመል ይከራይ ነበር። ገበሬውም አንድ በሬ ብቻ ሲኖረው ከጎረቤቱ በሬ ጋራ በመኮናጆ ያርሳል። ይሁን እንጂ በነጋዴዎቻችን ዘንድ አንድ የቆየ ስሜት አለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የራስ ያልሆነ መኪና በግቢ ውስጥ ቆሞ ሲታይ ለባለቤቱ ክብር አይሰጥም፤ ባንክም ቢሆን ንብረትህ የታለ ይላል። ይህ ስሜት ለጌጥ ወርቅ ይስማማ ይሆናል። በሰዓት ለሚቆጠር መኪና ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እስቲ በምሳሌ እንየው።

አንድ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ማዳበሪያ የሚያስቀምጥበት ትልቅ መጋዘን አለው እንበል። ማዳበሪያው የሚገባውና የሚወጣው በአብዛኛው ከክረምት በፊት ባሉት ወራት ነው። ዩኒየኑ መኪናይቱን በዓመት 75 ቀን፥ በቀን 8 ሰዓት ቢያሠራት 600 ሰዓት ይሆናል። በቀሩት ወራት መኪናይቱ አቧራ ለብሳ ትቆማለች። ብትቆምም የባንኩ ወለድ አይቆምም፤ ጥበቃው ደመወዙን ይቀበላል፤ መድኅኑ ይከፈላል፤ ባትሪው ሳይሠራ ያረጃል፤ ጎማውም በአንድ በኩል እንደ ተጫነ ይጠፈጠፋል። አንድ አከራይ ግን ያችኑ መኪና በዓመት 250 ቀን ቢያሠራ 2,000 ሰዓት ያገኛል። የዓመቱ ወጪ ለሁለቱም እኩል ነው ብንል እንኳ፥ ለዩኒየኑ የአንዱ ሰዓት ወጪ ከአከራዩ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆንበታል። እንግዲህ አከራዩ ትርፉን ጨምሮ ቢያስከፍል እንኳ ለዩኒየኑ መከራየት ይረክስለታል። በአንጻሩ ዓመቱን ሙሉ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ የቢራ ፋብሪካ ይህን ሒሳብ ቢያደርግ መግዛት ይሻለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የኪራዩ ዋጋ ስንት ነው የሚለው አይደለም፤ እኔ በዓመት ስንት ሰዓት አሠራታለሁ የሚለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሳያውቅ ይገዛል፤ ሳያውቅም ይከራያል።

ለአከራዩም የራሱ የሆነ ችግር አለበት። 2,000 ሰዓት የሚያገኘው የደንበኞቹ ወራት የተለያዩ ከሆኑ ብቻ ነው። በሰኔ ገበሬው ሁሉ በሬ ይፈልጋል፤ የበሬም ኪራይ የሚወደደው በሰኔ ነው። የማዳበሪያ መጋዘኖች ሁሉ በአንድ ወር መኪና ቢጠይቁ፥ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ጠያቂ ባይኖር፥ አከራዩ የዓመቱን ወጪ በዚያች አንድ ወር ላይ መጫን ይገባዋል። ደህና አከራይ ማለት ማዳበሪያው ሲያልቅ መኪናዋን ወደ ቡና መጋዘን፥ ከዚያም ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፥ ከዚያም ወደ ሲሚንቶ ማከፋፈያ የሚያዛውር ነው። በአውሮፓና በአሜሪካም ችግሩ ያው ነው። በዚያ በበይነ መረብ የሚደረገው ሽያጭ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሚበረታ የመጋዘኑ ሥራ በእነዚህ ሳምንታት እጅግ ያብጣል፤ ነጋዴውም ለስድስት ሳምንት ብሎ መኪና አይገዛም። የአጭር ጊዜ ኪራይ በዚያ እንዲስፋፋ ካደረጉት ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና 400 ኩንታል ማዳበሪያ ይዞ ቢመጣ፥ በ50 ኪሎ ከረጢት ሲታሰብ 800 ከረጢት ነው። በአንድ ፓሌት ላይ 30 ከረጢት ቢደረደር ማንሻዋ በ27 ምልልስ ያህል ትጨርሰዋለች። ነገር ግን ከረጢቱ በጭነት መኪናው ላይ የተጫነው ያለ ፓሌት፥ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ ከሆነ፥ መጀመሪያ 800ውንም ከረጢት በእጅ እያነሡ በፓሌት ላይ መደርደር ግድ ነው። በዚህ ጊዜ መኪናዋ የምታተርፍልን ከበር እስከ መደርደሪያው ያለውን መንገድና የከፍታውን ድካም ብቻ ይሆናል። ፓሌት ሳያዘጋጅ፥ ወለሉን ሳያስተካክል ማንሻ የሚከራይ ሰው ጌጥ ተከራየ ማለት ነው። የመጋዘኑ ወለል የተሰነጠቀ ወይም ጠጠር ከሆነ ደግሞ ትናንሽ ጠንካራ ጎማ ያላቸው የኤሌክትሪክ ማንሻዎች አይሄዱበትም፤ ነፋስ የሚሞላ ጎማ ያላት ታስፈልጋለች።

አሁን ወደ ዓለም ገበያ እንለፍ። ቀድሞ ፋብሪካው ይሠራ ነበር፤ ነጋዴው ይሸጥ ነበር፤ አከራዩም ለብቻው ነበር። ዛሬ ይህ ድንበር ፈርሷል። እ.ኤ.አ. በ1953 በሃምቡርግ የተቋቋመው ዩንግሃይንሪሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በየዓመቱ በሚያወጣው መግለጫ የአጭር ጊዜ ኪራይንና ያገለገሉ መኪናዎችን ሽያጭ ራሱን እንደ ቻለ የንግድ ክፍል አድርጎ ያሳያል። ኪዮን የተባለው ሌላው የጀርመን ኩባንያና የጃፓኑ ቶዮታም የራሳቸው የኪራይ መኪናዎች አሏቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መኪናዋን አንድ ጊዜ የሸጠ ሰው ትርፉን አንድ ጊዜ ያገኛል፤ ያከራየ ግን ከኪራዩ፥ ከጥገናው፥ ከመለዋወጫው፥ በመጨረሻም ያገለገለችውን ከመሸጥ እየደጋገመ ያገኛል። በአሜሪካም ታላላቆቹ የመሣሪያ አከራዮች ታናናሾቹን እየገዙ ይሰፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኸርክ የተባለው አከራይ ከሌላው ትልቅ አከራይ ከዩናይትድ ሬንታልስ ጋራ ተወዳድሮ ኤች ኤንድ ኢ የተባለውን ጠቅልሎ ገዝቷል። ለተከራዩ ይህ መልካምም ክፉም አለው። ትልቅ አከራይ መኪና ቢሰበርበት ሌላ ፈጥኖ ያመጣል፤ ዋጋ የሚደራደሩበት ሌላ በር ግን ይጠባል።

ከወረርሽኙ በኋላ የመጣው ጊዜም ብዙዎችን ወደ ኪራይ ገፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ የታዘዙት የመጋዘን ማንሻ መኪናዎች ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ፋብሪካዎቹ ግን ብረቱም ጥቃቅኑ የኤሌክትሮኒክ ዕቃም በጊዜው ስላልደረሰላቸው ያዘዘ ሰው ለብዙ ወራት፥ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ይጠብቅ ነበር። አዲሲቱ እስክትመጣ ድረስ ሥራ አይቆምምና ያለው አማራጭ መከራየት ወይም ያረጀችውን ማደስ ሆነ። በኋላ ትእዛዙ ቀዘቀዘ፤ ኪራይን የቀመሰው ነጋዴ ግን ሁሉም ወደ ግዢ አልተመለሰም።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ገበያ የለወጠው ባትሪ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የቀድሞው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ 8 ሰዓት ያሠራል፤ 8 ሰዓት ይሞላል፤ ለመቀዝቀዝም 8 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በሁለትና በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ለአንዲት መኪና ሁለትና ሦስት ባትሪ ይገዛ ነበር። ውሃውን የሚጨምር ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ሲሞላም በእሳት የሚፈነዳ የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ ነፋስ የሚገባበት የተለየ ክፍል ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩንግሃይንሪሽ በሊቲየም ባትሪ የሚሠራ ማንሻ ለገበያ ካወጣ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። የሊቲየም ባትሪ ውሃ አይፈልግም፤ በቡና ዕረፍትና በምሳ ሰዓት ጥቂት ጥቂት እየተሞላ ይውላል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ጉድለቱ ዋጋው ነው። እንግዲህ ውድ፥ ግን ረጅም ዕድሜ ያለው ዕቃ ለማን ይስማማል? ዘወትር ለሚያሠራው ይስማማል። ከላይ እንዳየነው ዘወትር የሚያሠራው አከራዩ ነው። በተጨማሪም ባትሪው ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ያህል ኀይል እንደሚቀረው የሚያሳስበው ሰው ያንን ሥጋት ለአከራዩ ትቶ በወር መክፈልን ይመርጣል። ከዚህም የተነሣ መኪናዋን ገዝቶ ባትሪውን ብቻ መከራየት የሚባል የውል ዐይነት መጥቷል።

ሕግም በዚህ ውስጥ ገብቷል። የካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ ቦርድ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ባጸደቀው ደንብ በጋዝና በቤንዚን የሚሠሩትን ማንሻዎች በየደረጃው ከሥራ ለማስወጣት ወስኗል። የወጣው ደንብ በፍርድ ቤትና በፖለቲካ ቢከራከሩበትም እንኳ፥ ነገ ሊከለከል የሚችለውን መኪና ዛሬ በሙሉ ዋጋ ለመግዛት የሚደፍር ሰው ያንሳል፤ እንዲህ ያለ ጥርጣሬም ተከራይን ያበዛል። በዚያ ገበያ ከሥራ የሚወጡት የጋዝ መኪናዎች መቼም ወደ ባሕር አይጣሉም፤ ርካሽ ሆነው ወደ ሌሎች አገሮች መሄዳቸው አይቀርም። ለእኛ ነጋዴ ርካሹ ዋጋ ያጓጓዋል። ነገር ግን መለዋወጫዋ የማይሠራላት መኪና በርካሽ ብትገዛ በኋላ ውድ ናት።

ይህን ሁሉ ወደ አገራችን ስናመጣው ሁለት ሦስት ነገር በተለይ ማሰብ ይገባል። አንደኛው ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ በመሆኑ አየር ማስገደጃ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኀይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ አይነካውም። ሁለተኛው መብራት ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኀይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይሁን እንጂ በአገር የተትረፈረፈ ኀይል በአንድ መጋዘን ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት እስኪደርስ ድረስ ትራንስፎርመሩና መሥመሩ አሉ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማንሻ የሚከራይ ሰው የመብራቱን መጥፋት አስቀድሞ ማስላት አለበት፤ መብራት በጠፋበት ቀን ኪራዩ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውም በውሉ ይግባ።

ሦስተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት መኪና የነበረው አከራይ ንብረቱ በብር ሲቆጠር በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነለት፤ አዲስ ሊገዛ ያሰበው ግን በሩ ጠበበበት። ገንዘቡን በብር እየተቀበለ ጎማውንና የዘይት ማጣሪያውን በዶላር የሚገዛ አከራይ ለሦስት ዓመት በማይለወጥ ዋጋ ሊዋዋል አይደፍርም። ተከራዩም በየወሩ በሚለወጥ ዋጋ የራሱን ዕቃ ሊተምን አይችልም። ሁለቱም ተሸናንፈው የሚስማሙበት መንገድ ኪራዩን በሁለት መክፈል ይመስለናል፤ የመኪናዋን ኪራይ በብር ወስኖ፥ የመለዋወጫውን ወጪ ግን በደረሰኝ ለብቻ መያዝ። በጠቅላላ ዋጋ ውስጥ ሁሉን ጨፍልቆ መዋዋል ከጠብ በቀር ሌላ ፍሬ የለውም።

ለመግዛት ገንዘብ ለሌለው፥ ለመከራየት ደግሞ ሰዓቱ ለበዛበት ሰው መካከለኛ መንገድ አለ። በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተደነገገው፥ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 807/2005 የተሻሻለው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ንግድ ሕግ፥ አከራዩ መሣሪያውን ገዝቶ በስሙ እንደ ያዘ ለተከራዩ እንዲሰጥ፥ ተከራዩም ከፍሎ ሲጨርስ የራሱ ሊያደርገው እንዲችል ይፈቅዳል። ባለቤትነቱ በአከራዩ እጅ ስለሚቆይ ቤትና ቦታ ለመያዣ የማቅረቡ ጭንቀት ይቀላል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም በዚህ መንገድ መሣሪያ ያቀርባል። ሒሳብ ለሚይዙት ሰዎች ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደንብ፥ ከ12 ወር የሚበልጥ ኪራይ እንደ ዕዳ ሆኖ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ እንዲታይ ያዝዛል። ቀድሞ ኪራይ ከመግለጫው ውጭ የሚቀር ሥውር ዕዳ ነበር፤ አሁን ግን ከ12 ወር የማይበልጠው ነፃ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ኩባንያዎች ውላቸውን ማሳጠር የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ሰዓት ስለምትቆጥረው ትንሽ መሣሪያ እንናገር። በእያንዳንዱ ማንሻ ላይ ሰዓት ቆጣሪ አለ። ቀድሞ ቁጥሩን ለማንበብ መኪናዋ ዘንድ መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ በስልክ መሥመር ለአከራዩ ቢሮ ይደርሳል። ስንት ሰዓት እንደ ሠራች፥ ስንት ጊዜ ከመደርደሪያ ጋራ እንደ ተጋጨች፥ ማን እንዳስነሣት፥ ባትሪዋ መቼ እንደ ተሞላ ይመዘገባል። ይህ የኪራዩን ዘዴ ራሱን ለውጦታል፤ በወር መክፈል እየቀረ በሠራችበት ሰዓት መክፈል ይቻላል። ነገር ግን መዝገቡ የሚገኘው በአከራዩ እጅ ብቻ ከሆነ ክርክር በተነሣ ጊዜ ምስክሩም ዳኛውም አከራዩ ይሆናል። ስለዚህ ተከራዩ መዝገቡ በየሳምንቱ ለእርሱም እንዲደርሰው አስቀድሞ ይዋዋል። ቆጣሪው ቁልፉ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ይቆጥራል ወይስ ማንሻው በሠራ ጊዜ ብቻ የሚለውንም ይጠይቅ። ኦፕሬተሩ ቁልፉን ከፍቶ ሻይ ለመጠጣት ቢሄድ የዚያ ግማሽ ሰዓት ዋጋ የማን ነው?

እስካሁን ስለ መኪናና ስለ ገንዘብ ተናገርን፤ ስለ ሰው ግን አልተናገርንም። በየመጋዘኑ በር የሚጠብቁት ጫኝና አውራጆች ዕቃ ማንሻ መኪና ሲገባ ባዩ ጊዜ እንጀራቸው እንደሚነካ ያውቃሉ፤ በአንዳንድ ቦታም አናስገባም ብለው ይከላከላሉ። ይህን አጉል እልከኝነት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ኩንታል ተሸክሞ የኖረ ሰው በአርባ ዓመቱ ወገቡ ሲጐብጥ የሚጦረው ማን ነው? መኪናዋስ ብትመጣ የሚበላው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት እነዚህ ማኅበራት ከዚህ ንግድ መውጣት ሳይሆን መግባት ይችላሉ። ሥራውን ያውቁታል፤ በሩ በእጃቸው ነው፤ የትኛው መጋዘን በየትኛው ወር እንደሚጨናነቅ ከማንኛውም አከራይ አስቀድመው የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። አሥር ሆነው በካፒታል ዕቃ ኪራይ አንዲት ማንሻ ቢይዙ፥ ከመካከላቸው ሁለቱን በኦፕሬተርነት ቢያሠለጥኑ፥ በኩንታል ሲቀበሉ የነበረውን ዋጋ በፓሌት ሊቀበሉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው የሞጆ ደረቅ ወደብና በቃሊቲ በኩል ያሉት መጋዘኖች እንዲህ ላለው ሙከራ ቦታ የሚያጡ አይመስለንም። በእርግጥ ችግር አለው፤ መኪና ተሰብራ በቆመች ቀን አሥር ቤት ይራባል። ስለዚህ ጥገናውን ለብቻ ከሚያውቅ ጋራ መዋዋል ለእንዲህ ያለው ማኅበር ከሁሉ በፊት የሚታሰብ ነው።

በመጨረሻ የምናነሣው የአደጋው ነገር ነው። እነዚህ መኪናዎች የሚሠሩት እንደ ሚዛን ነው። የፊተኛው እግር የሚዛኑ መካከል ሲሆን፥ በፊት ያለው ጭነት በኋላ ባለው ክብደት ይመዘናል። ጭነቱ ከሹካው ሥር ወደ ጫፍ በሸሸ ቁጥር፥ ወደ ላይም ከፍ ባለ ቁጥር ሦስት ቶን ታነሣለች የተባለችው ሁለት ቶንም ላታነሣ ትችላለች። በመኪናዋ ላይ የተለጠፈችው የብረት ሰሌዳ ይህን ትናገራለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀለም ተቀብታ ወይም ተገንጥላ ትገኛለች። መኪናዋ ስትገለበጥ ኦፕሬተሩ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ዘልሎ ለማምለጥ ሲሞክር ከላይዋ ያለው መከለያ ሲወድቅበት ነው፤ ቀበቶውን አስሮ በመቀመጫው የቆየው ይተርፋል። ይህን ያልተማረ ሰው እንዴት ያውቀዋል? በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ደንብ ኦፕሬተሩ ሠልጥኖና በሥራው ላይ ተመዝኖ እንዲያልፍ፥ ቢያንስ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜም እንደ ገና እንዲመዘን ያስገድዳል። በእንግሊዝ አገርም በዚያው ዓመት የወጣው ደንብ ማንሻ መሣሪያ ሁሉ በተወሰነ ጊዜ በዐዋቂ እንዲመረመር ያዝዛል።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን፥ መኪናውን የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት እንኳ ቢሆን፥ ይደነግጋል። እንግዲህ አከራዩ በሌላ ሰው መጋዘን ውስጥ፥ እርሱ በማያውቀው ኦፕሬተር እጅ ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል ማለት ነው። ብዙ አከራዮች መኪናዋን ከነኦፕሬተሯ ካልሆነ አናከራይም የሚሉት ስለ ስስት ብቻ አይደለም። ተከራዩም ከነኦፕሬተሯ ሲከራይ ኦፕሬተሩ በእርሱ መጋዘን ውስጥ የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ፥ ከልክ በላይ ጫን ቢባል እንቢ የማለት መብት እንዳለው በጽሑፍ ይስማማ። እንቢ ለማለት የማይችል ኦፕሬተር ያለበት መጋዘን አደገኛ መጋዘን ነው።

መኪናዋን በምትረከቡበት ቀን ሦስት ነገር ተመልከቱ። የሰዓት ቆጣሪውን ቁጥር በውሉ ላይ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። የሰሌዳዋን ጽሑፍ አንብቡ፤ የማይነበብ ከሆነ መኪናዋን አትቀበሉ። ከዚያም ሹካዎቹን ተረከዛቸው ላይ፥ ይኸውም ከምሰሶው ጋራ በሚታጠፉበት ስፍራ፥ በመለኪያ ለኩ። የሹካው ውፍረት ከአንድ አሥረኛው ካለቀ የማንሣት ኀይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ ከሥራ መውጣት ይገባዋል። በዐይን ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ሰንሰለቱንም ዘይት የጠጣ መሆኑንና በሁለቱም ወገን እኩል የተወጠረ መሆኑን ፈትሹ፤ አከራዩ ይህን ስታደርጉ ቆሞ ካላየ የመረከቢያውን ወረቀት አትፈርሙ።